«ኔትወርክ የለም» ሲባል፣ የሌለው የት ላይ ነው?

የዛሬው ንግግራችን በተለይ ለሁለተኛ ደረጃ ከፍተኛ ክፍሎች ተማሪዎች የተሰናዳ ነው። ሌሎቻችሁም አብራችሁን ብትቆዩ ደስታችን ነው። በአጠገባችሁ ወረቀትና እርሳስ ካለ ያዙልኝ፤ አንዳንድ ቁጥሮችን እየጠራሁ ስለምሄድ በጆሮ ብቻ ለመያዝ ያስቸግራሉ።

ባንክ ቤት ሄዳችሁ፣ ቀበሌ ሄዳችሁ፣ ወይም የትምህርት ቤታችሁ የኮምፒዩተር ክፍል ገብታችሁ «ዛሬ ኔትወርክ የለም» ሲባል ሰምታችሁ የማታውቁ አላችሁ ብዬ አላስብም። አነጋገሩ «ዘንድሮ ዝናብ የለም» እንደማለት ሆኗል። ከሰማይ የመጣ፣ ሰው ሊመልሰው የማይችል ነገር ይመስላል። ባለጉዳዩ «እሺ» ብሎ ይመለሳል፤ ተማሪውንም በሳምንት አንዴ የምትደርሰው ክፍለ ጊዜ በዚያው ታልፈዋለች። ይሁን እንጂ «ኔትወርክ የለም» የሚባለው አንድ በሽታ አይደለም። «አመመኝ» እንደሚል ሰው ነው፤ ሐኪሙ «የቱ ጋ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። እኛም ዛሬ «የቱ ጋ?» ብለን እንጠይቃለን። ለመጠየቅ ግን መጀመሪያ አካሉን ማወቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉ በፊት ሁለት ነገሮችን እንለይ። ኔትወርክ ማለት ኢንተርኔት ማለት አይደለም። ሁለት ኮምፒዩተሮች በአንድ ሽቦ ተያይዘው ፋይል ከተቀባበሉ ኔትወርክ አለ ማለት ነው፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ኢንተርኔት ገብቶ ባያውቅም እንኳ። ኢንተርኔት ደግሞ በየአገሩ ያሉት ኔትወርኮች እርስ በርሳቸው የተያያዙበት ትልቁ መረብ ነው። ልዩነቱ የግቢ መንገድና የአገር አውራ ጎዳና ያላቸው ልዩነት ነው። አውራ ጎዳናው በጎርፍ ቢቆረጥ ከሳሎን ወደ ማድ ቤት መሄድ አያቅተንም፤ አይደል? ታዲያ የውጭው መስመር ስለተቋረጠ ብቻ ሠላሳ ኮምፒዩተር አጥፍቶ ክፍሉን መቆለፍ፣ አውራ ጎዳናው ስለተዘጋ ማድ ቤት አልገባም እንደማለት ነው። የባንኩ ነገር ይለያል። በቅርንጫፉ ውስጥ ያሉት ኮምፒዩተሮች እርስ በርሳቸው በደኅና እየተነጋገሩ ሊሆን ይችላል፤ የደንበኛው ሒሳብ የሚገኘው ግን በማዕከሉ ነው። ወደ ማዕከሉ የሚወስደው መስመር ሲቋረጥ ገንዘብ ከፋዩ በእጁ ገንዘብ ይዞ መክፈል አይችልም። ስለዚህ እዚያ ሲሉ እውነታቸውን ነው።

አሁን እኔ የምናገርበትን ሬዲዮ ተመልከቱ። እኔ እናገራለሁ፣ እናንተ ትሰማላችሁ፤ እናንተ ስትመልሱልኝ ግን እኔ አልሰማም። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገባው የፕላዝማ ትምህርትም በሳተላይት የሚመጣ፣ እንደዚሁ የአንድ አቅጣጫ ንግግር ነበር። ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ ቴሌቪዥኑ አያየውም። ኔትወርክ ከዚህ የሚለየው እያንዳንዱ መሣሪያ ተናጋሪም አድማጭም በመሆኑ ነው። ሁሉም ተናጋሪ ከሆነ ደግሞ ሁለት ነገር የግድ ያስፈልጋል፤ አድራሻና የመነጋገሪያ ሥርዓት። የቀረው ሁሉ፣ ሽቦውም ሳጥኑም፣ እነዚህን ሁለቱን ለማገልገል የተሰለፈ ነው።

ከሽቦው እንጀምር። መጽሐፋችሁ ባስ፣ ሪንግ፣ ስታር እያለ የአያያዝ ዓይነቶችን ይዘረዝራል። ለፈተና አጥኗቸው፤ በኮምፒዩተር ክፍላችሁ የምታገኙት ግን ስታር የሚባለውን ነው። ይኸውም ከየኮምፒዩተሩ አንዳንድ ኬብል ወጥቶ በመካከል ካለ፣ ብዙ ቀዳዳ ካለው ሳጥን ላይ ይሰካል። ሳጥኑ ስዊች ይባላል። አንዱ ኬብል ቢበጠስ የሚቋረጠው አንዱ ኮምፒዩተር ብቻ ነው። ስዊቹ ራሱ ቢጠፋ ግን ሁሉም ይጠፋል።

ኬብሉን ብትገልጡት ውስጡ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ሁለት ሁለት ሆነው ተጠማዘው ታገኛላችሁ። የተጠማዘዙት ለውበት አይደለም። በአጠገብ ከሚያልፈው የመብራት መስመርና ከጎረቤት ጥንድ የሚመጣው ረብሻ በሁለቱም ሽቦዎች ላይ እኩል እንዲያርፍ ነው። ተቀባዩ የሚያነበው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ስለሆነ፣ እኩል ያረፈው ረብሻ ተጣፍቶ ይቀራል። እንዲህም ሆኖ ኬብሉ ከ100 ሜትር በላይ እንዲረዝም አይፈቀድም።

የሽቦዎቹን ተራ ጻፉልኝ። ነጭ ከብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ ከአረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ከሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ከቡናማ፣ ቡናማ። አረንጓዴው ጥንድ ተለያይቶ ሦስተኛና ስድስተኛ ላይ መቀመጡን ልብ በሉ። ብዙ ሰው ለዓይን እንዲያምር ብሎ አረንጓዴዎቹን ጎን ለጎን ያደርጋቸዋል። በሁለቱም ጫፍ እንደዚያ ካደረገው ኬብሉ በተራ መሞከሪያ ሲለካ ደኅና ይመስላል፤ ረዘም ባለ ርቀት ላይ ግን መልእክቱ እየተበላሸ ያስቸግራል። ምክንያቱም አብረው መጠማዘዝ የነበረባቸው ሁለቱ ሽቦዎች በተለያየ ጥንድ ውስጥ ገብተዋል። በሰከንድ 100 ሜጋቢት ለሚያስተላልፍ መስመር የሚሠሩት ደግሞ ከስምንቱ አራቱ ብቻ ናቸው፤ 1ኛው፣ 2ኛው፣ 3ኛውና 6ኛው። በሰከንድ 1000 ሜጋቢት ከሆነ ስምንቱም ይፈለጋሉ። እንግዲህ ቡናማው ሽቦ የተበጠሰበት ኬብል አብዛኛውን ጊዜ ጨርሶ አይሞትም፤ ያነክሳል እንጂ።

ወደ መልእክቱ እንሂድ። ድሮ በስልክ ሲነጋገሩ ከአንዱ እስከ ሌላው ያለው መስመር ለዚያ ጥሪ ብቻ ይያዝ ነበር። በአገራችን ከሐረር እስከ አዲስ አበባ ያለው የስልክ መስመር ሥራ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1894 ሲጀመር የነበረው ዘዴ ይኸው ነው። ሁለቱ ዝም ቢሉም መስመሩ የእነሱ ነው፤ ሦስተኛው ሰው ወረፋ ይጠብቃል። ለኮምፒዩተር ይህ አይመችም። ኮምፒዩተር አንድ አፍታ ብዙ ይናገርና ከዚያ ረጅም ጊዜ ዝም ይላል። ስለዚህ ሌላ ዘዴ ተፈለሰፈ፤ መልእክቱን መቆራረጥ።

አስራ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ከጎንደር ወደ ጅማ ልትልኩ ነው እንበል። በአንድ ፖስታ ከማድረግ ይልቅ እያንዳንዱን ገጽ በየራሱ ፖስታ አሸጋችሁ፣ በየፖስታው ላይ የተቀባዩንና የላኪውን አድራሻ ጻፋችሁ፣ ደግሞም «ከ12 ገጽ 1ኛው፣ 2ኛው» እያላችሁ ቁጥር ሰጣችሁ። ፖስታዎቹ በተለያየ መኪና፣ በተለያየ መንገድ ሊሄዱ ይችላሉ። ሰባተኛው ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። ተቀባዩ በቁጥራቸው ደርድሮ ያነባል፤ ዘጠነኛው ከጠፋ «ዘጠነኛውን ድገምልኝ» ይላል፤ ሙሉውን ደብዳቤ አያስደግምም። እያንዳንዱ ፖስታ ፓኬት ይባላል። በክፍላችሁ ሽቦ ላይ አንዱ ፓኬት አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ቢበዛ 1500 ባይት ነው። ስለዚህ 3 ሜጋባይት የሆነች አንዲት ፎቶግራፍ ስትልኩ ከ2000 በላይ ፖስታዎች ተሰለፉ ማለት ነው። በመካከላቸውም የጓደኛችሁ ፖስታዎች እየገቡ ያልፋሉ፤ ማንም መንገዱን ለብቻው አይይዝም።

ይህ ዘዴ በረጅም ርቀት ላይ በሥራ የተፈተነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጥቅምት 29 ቀን 1969 ነው። ቻርሊ ክላይን የሚባል ተማሪ በሎስ አንጀለስ ከሚገኘው የካሊፎርንያ ዩኒቨርስቲ ሆኖ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም «ሎግኢን» የሚለውን ቃል ፊደል በፊደል መላክ ጀመረ። ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ? «ኤል» ደረሰ፣ «ኦ» ደረሰ፤ ከዚያ የወዲያኛው ኮምፒዩተር ተበላሽቶ ቆመ። በመረቡ ላይ የተላለፈው የመጀመሪያው መልእክት እንግዲህ ሁለት ፊደል ነው። «ኔትወርክ የለም» የሚለው አነጋገርም ከኔትወርኩ ጋር አብሮ የተወለደ ይመስላል። አስተካክለውት ያንኑ ዕለት ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ሙሉው ቃል አለፈ።

ከዚያ በኋላ ኔትወርኮች በየቦታው በየራሳቸው ሥርዓት ተሠሩ፤ አንዱ የሌላውን አይሰማም ነበር። ቪንት ሰርፍና ቦብ ካን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1974 ሁሉንም የሚያግባባ ሥርዓት ነድፈው አሳተሙ። ቲሲፒ አይፒ በመባል የሚታወቀው ይኸው ሥርዓት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጥር 1 ቀን 1983 በዋናው መረብ ላይ ተተከለ። እንዲህ ያለው የመነጋገሪያ ሥርዓት ፕሮቶኮል ይባላል። ቃሉ አያስፈራችሁ። በስልክ ስትነጋገሩ «ሃሎ፣ ይሰማል?» ትላላችሁ፤ ያኛው «ይሰማል፣ እኔስ እሰማለሁ ወይ?» ይላል፤ እናንተም «አዎን» ትሉና ወሬው ይጀመራል። ሁለት ኮምፒዩተሮችም ቁም ነገሩ ከመጀመሩ በፊት ልክ እንደዚሁ ሦስት ጊዜ ይጠራራሉ።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደርሰናል፤ አድራሻ። እያንዳንዱ ኮምፒዩተር አራት ቁጥሮች ያሉት፣ በነጥብ የተለያየ አድራሻ አለው። ለምሳሌ 192.168.1.10 ብላችሁ ጻፉ። እያንዳንዱ ቁጥር ከ0 እስከ 255 ነው። ለምን 255? በስምንት ቢት ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ ቁጥር እሱ ስለሆነ ነው።

አድራሻው ሁለት ክፍል አለው። በአገራችን ደብዳቤ በቤት ቁጥር ሳይሆን በፖስታ ሣጥን ቁጥር እንደሚደርስ ታውቃላችሁ። ከአዲስ አበባ ደብዳቤውን የሚጭነው ሠራተኛ የሚያየው «ጎንደር» የሚለውን ብቻ ነው፤ የሣጥኑ ቁጥር አይመለከተውም። ጎንደር ሲደርስ ደግሞ ከተማው ታውቋል፤ የሚታየው የሣጥኑ ቁጥር ነው። በያዝነው ምሳሌ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች፣ 192.168.1፣ ከተማው ናቸው፤ የመጨረሻው 10 ደግሞ የሣጥኑ ቁጥር ነው። በክፍላችሁ ያሉት ሁሉ «ከተማቸው» አንድ መሆን አለበት፤ የሣጥን ቁጥራቸው ግን መለያየት አለበት። ሁለት ኮምፒዩተሮች አንድ ዓይነት ቁጥር ቢይዙ ደብዳቤው አንዴ ለአንዱ፣ አንዴ ለሌላው ይደርስና ሁለቱም «ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል» እያሉ ያማርራሉ።

ወደ ሌላ ከተማ የሚሄደውን ደብዳቤ ተቀብሎ የሚያሻግረው መሣሪያ ራውተር ነው። ስዊች የክፍሉ ሠራተኛ፣ ራውተር የበሩ ሠራተኛ ነው ብላችሁ ያዙት። ኮምፒዩተሩ የበሩን አድራሻ ካላወቀ በክፍሉ ውስጥ ይነጋገራል እንጂ ከክፍሉ መውጣት አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። አራት ቁጥር ሲባዛ የሚገኘው አድራሻ 4.3 ቢሊዮን ያህል ነው። የዓለም ሕዝብ ግን ከ8 ቢሊዮን በላይ ሆኗል፤ ስንቱ ሰው ደግሞ ስልክም ኮምፒዩተርም አለው። እንዴት በቃ? አልበቃም። መፍትሔው በየትምህርት ቤታችን የምናውቀው ነው። የራሱ ፖስታ ሣጥን የሌለው ተማሪ ደብዳቤ የሚጻፍለት በትምህርት ቤቱ ሣጥን ቁጥር ነው። ከውጭ ያለው ሰው የሚያውቀው አንዱን የትምህርት ቤት ቁጥር ብቻ ነው፤ ደብዳቤው ሲመጣ ጸሐፊዋ ስሙን አይታ ለተማሪው ትሰጣለች። ራውተርም ሠላሳ ኮምፒዩተር በአንድ የውጭ አድራሻ ሥር አድርጎ፣ የላከው ማን እንደነበር መዝግቦ፣ መልሱ ሲመጣ ለባለቤቱ ያደርሳል። በ192.168 የሚጀምሩ አድራሻዎች ለእንዲህ ላለው የውስጥ አገልግሎት የተመደቡ ስለሆኑ፣ በእናንተ ትምህርት ቤትም በሌላ አገር ትምህርት ቤትም ያው ቁጥር ቢገኝ አይጋጭም። በ128 ቢት የሚጻፍ ረጅም አድራሻም ወጥቶ በሥራ ላይ ነው፤ ለዛሬ ግን እሱን እንተወው።

ሰው ቁጥር ማስታወስ ይከብደዋል። ስለዚህ ስም እንጽፋለን፤ ስሙን ወደ ቁጥር የሚለውጥልን ዲ ኤን ኤስ የሚባል የስም መዝገብ ነው። ፖል ሞካፔትሪስ በ1983 የነደፈው ይህ መዝገብ በአንድ ቦታ የተቀመጠ ሳይሆን በዓለም ዙሪያ ተከፋፍሎ የሚገኝ ነው። እሱ ሲበላሽ መንገዱ ሁሉ ደኅና ሆኖ ሳለ «ገጹ አልተገኘም» ይባላል። የስልክ መስመር እያለ የስልክ ቁጥር ማውጫ እንደመጥፋት ነው።

ስለ ፍጥነት ጥቂት እንቁጠር፤ እርሳሱ አሁን ይሠራል። የመስመር ፍጥነት የሚነገረው በቢት ነው፣ የፋይል መጠን የሚጻፈው በባይት፤ አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ትምህርት ቤታችሁ በሰከንድ 2 ሜጋቢት የሆነ የውጭ መስመር አለው እንበል። መምህሩ 100 ሜጋባይት የሆነ የባዮሎጂ ፊልም ተመልከቱ አሉ። 100 ሜጋባይት 800 ሜጋቢት ነው፤ ለ2 ሲካፈል 400 ሰከንድ፤ ሰባት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ይደርሳል። መልካም። ሠላሳ ተማሪዎች እያንዳንዳቸው ለየብቻ ከውጭ ቢያወርዱትስ? 12,000 ሰከንድ፤ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ! ክፍለ ጊዜው አልቆ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ፣ ሁሉም «ኔትወርክ የለም» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ፊልሙ አንድ ጊዜ ብቻ ወርዶ በአንዱ ኮምፒዩተር ላይ ቢቀመጥና ሌሎቹ በክፍሉ ስዊች፣ በሰከንድ 100 ሜጋቢት በሆነው የውስጥ መስመር ቢወስዱት ግን፣ ለአንዱ 8 ሰከንድ፣ ለሠላሳውም በድምሩ 4 ደቂቃ ነው። በሥራ ላይ ከዚህ ጥቂት ይበልጣል፤ ልዩነቱ ግን ያው ነው። ለዚህ ተጨማሪ ብር አልወጣም። ይህን የሚያውቅ ተማሪ ያለበት ክፍልና የሌለበት ክፍል አንድ አይደሉም የምለው ስለዚህ ነው። ኪዊክስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ዊኪፔዲያን የመሰለ ትልቅ መዝገበ ዕውቀት በአንድ ኮምፒዩተር ላይ አስቀምጦ፣ ኢንተርኔት በሌለበት ክፍል ሁሉም በውስጥ መስመር እንዲያነበው ያደርጋል።

እንግዲህ ወደ ምርመራው። በኮምፒዩተር ክፍላችሁ «የለም» በተባለ ቀን፣ መምህሩን አስፈቅዳችሁ፣ በዚህ ተራ ሂዱ።

መጀመሪያ ኬብሉ የተሰካበትን ቀዳዳ ተመልከቱ። አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ መብራት አለችው። ካልበራች ችግሩ ከዚያው ነው፤ ኬብሉን ነቅላችሁ መልሳችሁ ስኩ፤ ካልሆነ የሚሠራ ኬብል ከጎረቤት ተውሳችሁ ሞክሩ። ስዊቹስ መብራት አግኝቷል? ይህን ሳያዩ ባለሙያ ጠርተው ሦስት ቀን የሚጠብቁ መሥሪያ ቤቶች ጥቂት አይደሉም።

ሁለተኛ፣ በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ክፈቱና በእንግሊዝኛ ፊደል «አይፒኮንፊግ» ብላችሁ ጻፉ። አድራሻችሁ ይወጣል። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ኮምፒዩተሩ አድራሻ የሚያድለውን መሣሪያ አላገኘውም፤ ቢቸግረው ለራሱ አንድ ቁጥር ፈጥሮ ተቀምጧል። ወደ ኬብሉና ወደ ራውተሩ ተመለሱ።

ሦስተኛ፣ «ፒንግ» ብላችሁ ከጎኑ የራውተሩን አድራሻ ጻፉ። ፒንግ «አለህ?» ብሎ መጣራት ነው። ራውተሩ ከመለሰ የክፍላችሁ ኔትወርክ ደኅና ነው። የጎረቤት ኮምፒዩተር ዝም ቢላችሁ ግን ወዲያው ሞቷል አትበሉ፤ ለጥበቃ ሲባል ለእንግዳ ጥሪ እንዳይመልስ ተደርጎ ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፣ ከአገር ውጭ ያለ የታወቀ ቁጥር ጥሩ፤ 8.8.8.8 የጉግል ነው። መልሱ በሚሊ ሰከንድ ይመጣል። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ በ5,000 ኪሎ ሜትር ኬብል ደርሶ ለመመለስ 50 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ ከዚህ በላይ የምታዩት መንገዱ ስለሚጠማዘዝና በየራውተሩ ወረፋ ስላለ ነው። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት ፓኬቱ ወደ ባሕር ወለል ኬብል የሚደርሰው፣ ለምሳሌ በጅቡቲ በኩል፣ የጎረቤት አገር አቋርጦ ነው። ራውተሩ መልሶላችሁ ይህ ቁጥር ካልመለሰ፣ «የለም» የሚለው ቃል አሁን ገና ትክክል ሆነ፤ ጉዳዩ የአገልግሎት ሰጪው ነው። በስልክ ስታመለክቱም «እስከ ራውተሩ ደኅና ነው፣ ከዚያ ወዲያ ነው የተቋረጠው» በሉ፤ ያን ጊዜ «ኮምፒዩተሩን አጥፍታችሁ አብሩት» አይሏችሁም።

አምስተኛ፣ ቁጥሩ ከመለሰና በስም ስትጠሩ እንቢ ካለ፣ የጠፋው የስም መዝገቡ ነው።

የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሲደርስ፣ ኔትወርኩ ደኅና በሆነበት ቀን፣ የክፍላችሁን ካርታ ሥሩ። ስዊቹን መካከል ላይ፣ ራውተሩን በሩ አጠገብ፣ ከየኮምፒዩተሩ ጎን አድራሻውንና የተሰካበትን ቀዳዳ ቁጥር ጻፉና ግድግዳ ላይ ለጥፉት። በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚያልቅ ሥራ ነው። እስከ ሳምንት ደኅና ሁኑ።